አሥራ አራት ክፍል ያለው የወረቀት ሣጥን

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ የአንኮበር ነፋስ ነው። በ1952 ዓ.ም. በኅዳር ወር የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ለተዘዋዋሪ ችሎት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲወርድ፣ እኔ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበርና ወረቀቱን የመያዙ ተራ ለእኔ ደረሰ። በዚያ ዘመን የባለጉዳይ አቤቱታ የሚጓጓዘው በአቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ በበቅሎ ተጭኖ ነበር። ችሎቱ የተቀመጠበት የቆርቆሮ አዳራሽ ከገደሉ አፍ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ መስኮቶቹ መዝጊያም መስተዋትም አልነበራቸውም። ጥቅሉን ፈትቼ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ሳልጨርስ፣ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ሲወጣም የሠላሳ ሰው አቤቱታ ይዞ ወጣ።

ባለጉዳዮቹ ወረቀታቸውን በገደሉ ላይ ሲያሳድዱ ዋሉ። አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ያገኙትን ሁሉ እየለቀሙ «ይህ የእኔ ይሆን?» እያሉ ያመጡልኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ከቁጥቋጦ ሥር ተንበርክከው ሦስት ወረቀት አወጡ፤ ሦስቱም የሌላ ሰው ሆነው ባገኟቸው ጊዜ፣ «እንግዲህ ይግባኜን ለነፋሱ አቀርባለሁ፤ ከእናንተ ይልቅ እሱ ቶሎ ያገላብጣል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ችሎቱን የሚመሩት አገረ ገዥ ግን አልሳቁም።

«ይህ ችሎት ነው ወይስ የገብስ አውድማ?» ብለው ወደ ዋና ጸሐፊው ዞሩ።

ዋና ጸሐፊው የቅርብ አለቃዬ ነበሩ። ከላይ የወረደባቸውን ቁጣ ሳያስተርፉ ወደ ታች ማውረድ ያውቁበታል። ዞር ብለው ተመለከቱኝና፣ «እርግብ የሚያበር ሰው አይቻለሁ፤ ወረቀት የሚያበር ጸሐፊ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» አሉኝ። የዚያን ዕለት ከተበተነው ውስጥ አራት አቤቱታ እስከ መጨረሻው አልተገኘም። የአራቱን ሰዎች ፊት ዛሬም አልረሳሁትም፤ እየተነሡ በየተራ «የእኔስ?» ይሉ ነበር።

ደብረ ብርሃን እንደ ተመለስን ነገሩን በቁም ነገር አሰብሁበት። አባቴ የደብር አገልጋይ ነበሩ። ዳዊታቸውን የሚይዙበት የቆዳ ማኅደር በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ጠፍሩ ሲፈታም መጽሐፉን ቀጥ አድርጎ የሚያቀርብ ነበር። አርባ ዓመት ሲሸከሙት አንድ ቅጠል አልወደቀበትም። እኔ የፈለግሁት ለብዙ ወረቀት የሚሆን እንደዚያ ያለ ዕቃ ነው፦ በበቅሎ የሚጫን፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚከፈት፣ ሲከፈትም ወረቀቱ ተጋድሞ ሳይሆን ቆሞ፣ እያንዳንዱ ከየክፍሉ የሚታይ።

በመጀመሪያ የሞከርሁት በባዶ የሳሙና ሣጥን ነው። ወርዱ ለአቤቱታ ወረቀት ልክ ሆኖ አገኘሁትና፣ ውስጡን በካርቶን ከፋፍዬ ክፍሎቹን በፊደል ተራ ሰየምኋቸው። የባለጉዳዩ ስም በሚጀምርበት ፊደል ወረቀቱ ይገባል ማለት ነው። አሳቡ እንከን የለሽ መስሎኝ ነበር። በሥራ ላይ ባዋልሁት በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሁለት ክፍሎች ሞልተው ሲፈሱ ከሌሎቹ ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። የአገሬ ሰው ልጁን ገብረ እገሌ፣ ወልደ እገሌ ብሎ የሚሰይም መሆኑን የካህን ልጅ ሆኜ ሳላስበው መቅረቴ አሁንም ይገርመኛል። ተላላኪያችን ሣጥኑን አየት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የሸዋ ሰው ስሙን እስኪቀይር ትጠብቃለህ ወይስ ሣጥኑን ትቀይራለህ?» አለኝ። ሣጥኑን ቀየርሁ።

ሁለተኛውን አሳብ ያገኘሁት ችሎት ውስጥ ቆሜ ሳዳምጥ ነው። በእኛ አውራጃ ባለጉዳይ የሚጠራው በአጥቢያው ነበር። አጋፋሪው ከበሩ ላይ ቆሞ «የሚካኤል አጥቢያ!» ሲል፣ የዚያ ደብር ሰዎች በአንድነት ተነሥተው ይገባሉ፤ ምስክሩም፣ ዋሱም፣ ባላጋራውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ስለ ሆነ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይታያል። እነርሱ ሲወጡ «የማርያም አጥቢያ!» ይላል። ሰዉ ከቤቱ ቁጥር ይልቅ ታቦቱን ያውቃል፤ ቁጥርማ የት ነበረና። እንግዲያስ ወረቀቱ እንደ ሰዉ በአጥቢያ ቢቆም፣ አጋፋሪው በሚጠራበት ተራ ቢደረደር፣ ጸሐፊው እጁን ዘርግቶ ከማውጣት በቀር ሥራ አይኖረውም። ይህን ባሰብሁ ዕለት በደብረ ብርሃን ብርድ ወዲያና ወዲህ ስመላለስ አመሸሁ። ሌላ ሰው ያላየውን ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ በእርግጥም አይቼ ነበር።

ሣጥኑን የሠሩልኝ አንኮበር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን በርና የአትሮንስ ሥራ የለመደ እጅ ነበራቸው። ንድፉን በወረቀት ሥዬ ባሳየኋቸው ጊዜ አገላበጡትና፣

«ይህ የሬሳ ሣጥን ለማን ሕፃን ነው?» አሉ።

«ለወረቀት ነው፣ ጋሼ።»

«ለወረቀትማ ከሆነ እንኳን በጊዜ ቀበራችሁት። የእኔን አቤቱታ ከቀበራችሁት ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያለ ሣጥን።»

እየቀለዱ ለኩ። ወርዱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት፣ ቁመቱ ሁለት ስንዝር፣ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር። አካሉ ዋንዛ ሆነ፤ ዋንዛ ቀላል ነው፣ አይሰነጠቅም። መከፋፈያዎቹን በእንጨት ብናደርጋቸው ቦታ ስለሚሻሙ ከላምባ ቆርቆሮ ቆረጥናቸው፤ ጠርዛቸው እጅ እንዳይቆርጥ አናጢው እያጠፉ በመዶሻ ደበደቧቸው። ክፍሎቹን ወደ ኋላ ትንሽ ጋደል አደረግኋቸው፤ ቀጥ ብለው ቢቆሙ ወረቀቱ ወደ ፊት ይዘነበላል። ክዳኑ በፍየል ቆዳ ማጠፊያ ወደ ታች ተከፍቶ መጻፊያ ሰሌዳ ይሆናል። በጎኑ የጠፍር ማንገቻ አለው። የአንኮበር ጉም እንጨቱን ሲያሳብጠው ከሥሩ እንደ መሳቢያ የሚሳበው ኪስ አልከፈት እያለ አስቸገረን፤ በሻማ አሸሁትና ታዘዘ።

አናጢው ክፍሎቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«አሥራ አራት ክፍል አሠራኸኝ፤ ደብሮቹ አሥራ ሦስት ናቸው። አንዱ ለማን ነው?»

«ታች ያለው ኪስ ለልዩ ልዩ ነው።»

«አሥራ ሦስቱን ታቦት አውቃለሁ» አሉ፤ «ልዩ ልዩ የሚባል ታቦት ግን አንግሼ አላውቅም።»

ሳቅሁ። ያን ጊዜ መሳቄን አሁን በጽሑፍ ማስፈሬ ተገቢ ነው።

ሣጥኑ በ1953 ዓ.ም. የበጋ ወራት ወደ ሥራ ገባ። ችሎቱ ሰላ ድንጋይም ቢወርድ፣ እነዋሪም ቢሻገር፣ በየሄደበት በየክፍሉ የሚለጠፈውን የአጥቢያ ስም ወረቀት እየቀየርሁ ያው ሣጥን ያገለግል ነበር። ቀድሞ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ወረቀት ፍለጋ ቀረ። አንድም ወረቀት አልጠፋም፤ ይህን የምለው በግምት ሳይሆን እያንዳንዱን ከገቢው መዝገብ ጋር ስላመሳከርሁ ነው።

አገረ ገዥው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ችሎት ላይ ሣጥኑን ልብ አሉት። አስከፍተው አዩት፤ አዘጉት፤ እንደገና አስከፈቱት።

«ማን አሰበው?» አሉ።

እኔ ሰሌዳውን ደግፌ ቆሜ ነበር። ዋና ጸሐፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ለብዙ ጊዜ ሳወጣ ሳወርደው የቆየሁት ነገር ነው፣ ክቡርነትዎ። ለልጁ ነገርሁትና አሠራው» አሉ።

ልጁ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ሚስትና ልጅ ያለኝ ሰው ነበርሁ። አገረ ገዥው ፊታቸውን ወደ እኔ መለስ አድርገው ነበርና፣ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይሰሙኝ ይሆን ነበር። አልተናገርሁም። አለቃን በገዥ ፊት ሐሰተኛ ማድረግ በእኛ አስተዳደግ ከመዋሸት የከፋ ነውር ነው። እንዲህ እያልሁ ራሴን አጽናናሁ፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር።

በተከታዩ ዓመት የምስጋና ደብዳቤ ከበላይ መጣ። «በዋና ጸሐፊው የታሰበውና የተዘጋጀው ተንቀሳቃሽ የወረቀት ሣጥን» ለሥራው ቅልጥፍና ያስገኘው ጥቅም ተዘርዝሮ፣ ለሌሎች ጽሕፈት ቤቶችም በዚያው አምሳል እንዲሠራ ታዘዘ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ በገቢው መዝገብ ስለሚሰፍር፣ ያንንም ቁጥር ሰጥቼ፣ ፍሬ ነገሩን በአንድ መስመር አሳጥሬ ጻፍሁት። ጽሕፈቴ በመልካምነቱ የታወቀ ነበር።

አሁን ስለ ሐጂው እናገራለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ስለ እርሳቸው ነው።

በ1955 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ከአልዩ አምባ ተነሥተው ያን ሁሉ ዳገት የወጡ አንድ ነጋዴ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ቀረቡ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ መካ ደርሰው የመጡ ስለ ሆኑ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ጨውና ጥጥ የሚነግዱበት መደብር ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ከመደብሩ ጀርባ ግመልና በቅሎ የሚራገፍበት ጓሮ አለው። አጎራባቻቸው፣ ላይኛው አንኮበር የሚኖር የሚካኤል አጥቢያ ባለርስት፣ ባለፈው ክረምት የእሾህ አጥሩን ገፍቶ ጓሮውን ከነመግቢያው ወሰደባቸው።

«ጌታው፣ ጓሮው ከሌለ ግመል አይራገፍም» አሉኝ። «ግመል ካልተራገፈ መደብሩ የሸረሪት ነው። ሰባት ነፍስ የሚኖረው በዚያች ጓሮ ነው።»

ከጥምጥማቸው እጥፋት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። አባታቸው ቦታውን ሲያገኙ የተጻፈላቸው፣ ማኅተም ያለበት፣ በእጥፋቱ የሳሳ ወረቀት ነበር። ግልባጭ እንዲተዉልኝ ብነግራቸው፣ ችሎት ዋናውን እንደሚፈልግ ሰምተው ኖሯል።

«ዋናውን ይያዙልኝ። ከዚህ ሌላ የለኝም።»

«አጥቢያዎ የት ነው?» አልኋቸው፤ በልማድ፣ ቀና ሳልል።

ፈገግ አሉ። «እኔ መስጊድ ነው ያለኝ፣ ጌታው። አጥቢያ ከየት አመጣለሁ?»

እኔም ፈገግ አልሁ። ሣጥኑን በመስኮቱ በኩል አሳየኋቸው፤ ክዳኑን ከፍቼ፣ ክፍሎቹን በጣቴ አንኳኩቼ። አቤቱታቸውንና ያን ወረቀት ባንድነት በስፒል ያዝሁና ታች ካለው ከአሥራ አራተኛው ክፍል አስገባኋቸው።

«እዚህ የገባ አይጠፋም፣ ሐጂ። በነፋስ ዘመን አይደለንም።»

«አላህ ያክብርልኝ» ብለው ሄዱ።

ያ ክፍል በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደ ሆነ መናገር አለብኝ። ትርፍ ቦታ ባዶ አይቀርም። ሲባጎው፣ የማኅተሙ ቀለም፣ ሻማው፣ የዋና ጸሐፊው የሱፍ ጓንት፣ ሁሉም ወደዚያ ገባ። ወረቀት የሚገባበት በዓመት ከጥቂት ጊዜ በላይ አልነበረም፤ አቤት የሚሉት ሙስሊም ነጋዴዎችና የቆላ ገበሬዎች ብዙዎቹ ጉዳያቸውን በሽምግልና ስለሚጨርሱ፣ እኛ ዘንድ የሚመጣው የጨነቀው ብቻ ነው። የጨነቀውን ሰው ወረቀት ከጓንትና ከሻማ ጋር ነበር የማስቀምጠው። ይህን የሚከለክል ደንብ አልነበረም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ችሎቱ አንኮበር የተቀመጠው በየካቲት ነው። በዚያ ዓመት የሁዳዴ መግቢያና የረመዳን መውጫ በአንድ ሳምንት ተገናኝተው ነበርና ክርስቲያኑም እስላሙም ጾመኛ ነበር። አንድ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጥተው ከአገረ ገዥው ጎን ተቀምጠዋል። የመጡት ስለ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም የሣጥኑን ወሬ ሰምተዋል። ጠዋት ወደ አዳራሹ ስገባ ሐጂውን ከሁለት ምስክሮቻቸው ጋር ከበሩ ውጭ በድንጋዩ ካብ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው፤ ሰላምታ ተለዋወጥን።

«ዛሬ ይደርሰኛል፣ ጌታው?»

«እስኪጠሩዎ ከዚህ አይነሡ» አልኋቸው።

አልተነሡም።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አጋፋሪው «የሚካኤል አጥቢያ!» አለ። ዘበኛው እንደ ወጉ የሚካኤልን ሰዎች ብቻ አስገብቶ በሩን ያዘ። ከገቡት አንዱ ባለርስቱ ነበር፤ ጉዳዩን እርሱም በበኩሉ በአቤቱታ አስመዝግቦት ኖሯል። በዚያው ሰዓት ተቆጣጣሪው ወደ ጠረጴዛዬ ቀርበው ሣጥኑ እንዴት እንደሚታጠፍ እየጠየቁኝ ነበር። ዋና ጸሐፊው «አሳያቸው፣ አሳያቸው» አሉ። እኔም ማጠፊያውን፣ የክፍሎቹን መጋደል፣ የቆርቆሮውን ጠርዝ እያሳየሁ ነበር፤ ተቆጣጣሪው «ግሩም ነው» ሲሉ በአንገቴ ላይ ሙቀት ተሰማኝ።

ባለርስቱ ነገሩን አስረዳ። አጥሩ ዱሮም በዚያው ነበር፤ ነጋዴው ግን በሐሰት ይከሰኛል አለ።

«ባላጋራህ የታለ?» አሉ አገረ ገዥው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ክቡርነትዎ። ሐሰተኛ ሰው ከችሎት ይሸሻል።»

ዋና ጸሐፊው የሐጂውን ስም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ለአዳራሹ ብቻ ጠሩ። በአዳራሹ ያለው የሚካኤል ሰው ነው፤ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያቀረበው ጽሑፍ አለ?»

ስሙን ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ ብጽፍ የሚያስተባብለኝ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ነገር ግን ሰምቻለሁ። እጄ እንደ ለመደው ወደ ሚካኤል ክፍል ሄደ፤ አንድ በአንድ ገለጥሁ። በሚካኤል ክፍል ውስጥ የሐጂው ወረቀት አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ተቆጣጣሪው እጄን እየተከተሉ ይመለከታሉ። ሣጥኑ ምን ያህል ፈጣን መልስ እንደሚሰጥ የማሳይበት ጊዜ ነበር።

«የለም፣ ጌታዬ» አልሁ።

ከሳሽ ባለመቅረቡ፣ የጽሑፍ ማስረጃም ባለመኖሩ፣ አጥሩ ባለበት እንዲጸና ተወሰነ። ተቆጣጣሪው ፍጥነቱን አደነቁ። አጋፋሪው «የማርያም አጥቢያ!» አለ።

ችሎቱ ሲነሣ ሣጥኑን ለመዝጋት ጓንቱን ልመልስ ታችኛውን ክፍል ሳብሁት። ጓንቱን ላስገባ ስል ማኅተሙን አየሁት። ወረቀቱ ምንም አልሆነም፤ አልተቀደደም፣ አልረጠበም። እዚያ የገባ አይጠፋም ብዬ የማልሁት ቃል ልክ ነበር።

ወጣሁ። ሐጂው ከካቡ ላይ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ በአፋቸው አልዞረም። ሲያዩኝ ተነሡ፤ ምስክሮቻቸውም ተነሡ።

«አልደረሰኝም አይደል? ግድ የለም፤ ነገም እመለሳለሁ።»

«ሐጂ፣ ጉዳዩ ታይቷል።»

«የማን ጉዳይ?»

«የእርስዎ።»

«እኔ እዚህ ተቀምጬ?» ወደ ምስክሮቻቸው ዞሩ። «ስሜ ተጠርቷል? ሰምታችኋል?»

«ወላሂ አልተጠራም» አለ አንደኛው። «አሥራ ሦስት አጥቢያ ቆጥሬያለሁ። ከኛ በቀር ሁሉ ተጠርቷል።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። የለም ያልሁት እኔ መሆኔንም አልሸሸግሁም። ወረቀታቸውን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ወረቀቱን እንጂ እኔን አላዩም። ከዚያ በፊት ጠርተውኝ በማያውቁበት አጠራር፣

«ልጄ» አሉ፣ «ነፋስ ቢወስደው ይሻል ነበር። ነፋስ ቢወስደው ሮጬ እይዘው ነበር።»

ወረቀቱን ተቀብለው በጨርቁ ጠቀለሉት። ከመካከላቸው የሰደበኝ አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ዋና ጸሐፊው ዘንድ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ የትናንቱ ውሳኔ እንደገና መታየት አለበት። ሰውየው በበሩ ላይ ነበሩ፤ ወረቀታቸውም በእጃችን ነበር። ስሕተቱ የሣጥኑ ነው።»

«የቱ ሣጥን?»

«የወረቀቱ።»

«የተመሰገነ ሣጥን አይሳሳትም» አሉ ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ። «ደብዳቤውን አንተው አይደለህም መዝገብ ላይ ያስገባኸው?»

«የአልዩ አምባን ሰዎች የሚጠራ ክፍል የለውም። አሠራሩ ጎዶሎ ነው።»

ይህን ጊዜ ብዕሩን አስቀመጡት። ፊታቸው ለሰለሰ። «እንግዲያስ በጽሑፍ አድርገው» አሉኝ። «ማን እንዳሰበው፣ ማን እንደ ነደፈው፣ ማን ክፍሉን እንደ ደለደለው፣ ጉድለቱ ምን እንደ ሆነ። አጣርተህ ጻፍ። እኔ ወደ በላይ አስተላልፍልሃለሁ። ለሰውየው የሚበጀው እሱ ነው።»

ምን እያደረጉ እንደ ነበር ገብቶኛል። ሚስቴም ገብቷታል፤ «የሰው ስም ተጽፎበት ሲመሰገን ዝም ያልኸውን፣ ሊወቀስ ሲል የእኔ ነው ትላለህ?» አለችኝ። ለሐጂው ግን ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ነገሩ ተመልሶ እንዲታይ፣ ሳይጠሩ መቅረታቸውንና ወረቀታቸው በጊዜው ገቢ መሆኑን የሚያረጋግጥ የመዝገብ ቤቱ ቃል ያስፈልግ ነበር፤ ያም ቃል የእኔ ነው።

ማስታወሻውን በሁለት ገጽ ጻፍሁት። ከነፋሱ ጀመርሁ፤ የሳሙናውን ሣጥን፣ የፊደሉን ስሕተት፣ የአጥቢያውን አሳብ፣ ልኩን በስንዝርና በጣት፣ ዋንዛውን፣ ቆርቆሮውን፣ ማጠፊያውን ሁሉ አሰፈርሁ። በመጨረሻም አሥራ አራተኛው ክፍል ጥሪ የሌለው መሆኑንና በችሎት ፊት «የለም» ማለቴን ገለጥሁ። ይህን ያደረግሁት ለሐጂው ብቻ ብዬ ነው ብል ሐሰት ይሆናል። ለእርሳቸው ጉዳይ የመጨረሻው ግማሽ ገጽ ይበቃ ነበር። ሌላውን ገጽ ተኩል የጻፍሁት ሣጥኑ የእኔ መሆኑ በአንድ ቦታ እንዲጻፍ ስለፈለግሁ ነው። ያን ገጽ ተኩል ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ጓሯቸውን አጥተው፣ እኔ የቆርቆሮ ጠርዝ እንዴት እንደሚታጠፍ ስተነትን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐጂው ለመልሱ ሁለት ጊዜ ዳገቱን ወጥተው መጡ። በመጀመሪያው «ገና ነው» አልኋቸው። ሁለተኛ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ግመሎቻቸውን አንድ ሌላ ነጋዴ ጓሮ በውለታ እንደሚያራግፉ፣ ውለታውም እየመረረ መምጣቱን ነገሩኝ። አሁንም «ገና ነው» አልኋቸው። «ያ ሣጥን አሁንም አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ።

መልሱ የመጣው እርሳቸው በሄዱ በሳምንቱ ነው። በእኔ ስም የተጻፈ ሆኖ ሦስት አንቀጽ ነበረው። በመጀመሪያው፣ በአግባቡ የተሰጠ ውሳኔ በአንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ማስታወሻ የሚፈርስ ስላልሆነ ጸንቶ እንዲቆይ ታዟል። በሁለተኛው፣ «የወረቀት ሣጥኑን ያሰቡት፣ የነደፉትና ያሠሩት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን በገዛ እጅዎ ጽሑፍ ስላረጋገጡ፣ ከአሠራሩ ጉድለት ለደረሰው ስሕተት ኃላፊው እርስዎ ነዎት» ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከግል ማኅደሬም ጋር እንዲያያዝ ተባለ። በሦስተኛው፣ ከአሥራ ሦስቱ አጥቢያ በአንዱ የማይመደብ ወረቀት ሁሉ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ቀድሞው በጨርቅ ታስሮ እንዲጓጓዝ ተወሰነ።

በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቴ ሣጥኑ የእኔ መሆኑን የሚናገር ሌላ የመንግሥት ጽሑፍ አልተጻፈም። ለሐጂው የሚላከውን ግልባጭ አሽጌ፣ ዋናውን እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼ በገቢው መዝገብ ላይ በእጄ አሰፈርሁት፤ ሚያዝያ 21 ቀን 1955 ዓ.ም.።